ከሻይ ማንኪያው ወዲያ

ስኳር የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንዱ ከሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ በከረጢት የሚሸጠው ሸቀጥ ነው፤ ሌላው በሽታው ነው። «ስኳር ጠፋ» ሲባል ነገሩ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ በር ላይ ያለው ሰልፍ ነው፤ «ስኳር አለበት» ሲባል ግን ነገሩ ቆሽት፣ ኩላሊትና ዓይን ነው። ሁለቱ ስም መጋራታቸው ብዙ ሰው ጉዳዩን በግማሽ እንዲያውቀው አድርጓል። ስኳር የሚወድ ስኳር ይይዘዋል፣ የማይወድ ይተርፋል ተብሎ ይታሰባል። ማር የሚልሰው፣ ጁስ የሚያዘወትረውና ሻዩን በማጣፈጫ ኪኒን የሚያጣፍጠው ደግሞ ጉዳዩ እሱን የማይመለከተው ይመስለዋል። ሰውነት ግን ይህን ክፍፍል አያውቀውም።

ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ በማንኛውም ሻይ ቤት የሚታየው ይህ ነው። አስተናጋጇ ስኳሩን አስቀድማ ትንሿ ብርጭቆ ውስጥ ትጨምርና ቅመም የገባበትን ሻይ ከላይ ትቀዳበታለች። ደንበኛው ማንኪያውን ሁለት ሦስቴ ሲያዞረው ከሥር የተኛው ነገር እንደ ጢስ ተነስቶ ይጠፋል። ካልጣፈጠው ይጨምራል፤ የስኳር ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ልሙጥ ሲሆን 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሲቆለል ከዚያ ይበልጣል። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ ቢባል፣ ምግቡ ሳይቆጠር 36 ግራም ደረሰ ማለት ነው።

ልማዱ የቆየ አይደለም። በብዙ የገጠር ቤት ቡና ዛሬም በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣል። ጣፋጭ ሲያምር የነበረው ማር ነው፤ እሱም ለጠጅ፣ ለብርዝና ለመድኃኒት ይቆጠብ ነበር። በአገር ውስጥ ፋብሪካ የተመረተ ስኳር የተገኘው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር፣ ወንጂ ላይ፣ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ነው። መተሐራና ፊንጫ በኋላ ተከተሉ። ስኳር ከጓዳ የማይጠፋ ነገር ከሆነ እንግዲህ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው።

## አንድ ጠርሙስ ለስላሳ

የገበታ ስኳር በሳይንስ ስሙ ሱክሮስ ይባላል። ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ምላስ ላይ እንዳንድ ሆነው ይጣፍጣሉ። ትንሹ አንጀት ሲደርሱ ሱክሬስ የተባለ ኢንዛይም ይለያያቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ግሉኮስ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ቆሽት የደሙን መጣፈጥ ስታውቅ ኢንሱሊን ትለቃለች፤ ኢንሱሊን ደግሞ ጡንቻና ስብ ግሉኮሱን ከደም እንዲወስዱ ያደርጋል። ጡንቻው ሲሠራ ያቃጥለዋል፣ ሲያርፍ ያከማቸዋል። ጉበትም የተወሰነውን ለሌሊትና ለጾም ሰዓት ያስቀምጣል። አእምሮ በዋነኛነት የሚኖረው በዚህ ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ ጠላት አይደለም፤ እንጀራም፣ ድንችም፣ ሽሮም በመጨረሻ የሚሰጡት እሱኑ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚገባበት ፍጥነትና በአንድ ጊዜ በሚገባው መጠን ላይ ነው።

ፍሩክቶስ አካሄዱ ሌላ ነው። አብዛኛው የሚያርፈው ጉበት ላይ ሲሆን ኢንሱሊንንም እምብዛም አይቀሰቅስም። በትንሽ በትንሹ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ከአንድ ብርቱካን፣ ጉበት ሳይቸገር ያስተናግደዋል። በብዛትና በፍጥነት ሲመጣ ግን ከፊሉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስቡ በከፊል ወደ ደም ይወጣል፣ በከፊል እዚያው ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ ሂደት ዩሪክ አሲድም ይጨምራል፤ ጣፋጭ መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች ለሪህ ይበልጥ የሚጋለጡት ለዚህ ነው። አልኮል ቀምሶ የማያውቅ ሰው ጉበቱ በስብ ተሞልቶ ሲገኝ ቤተሰቡ ይደነግጣል። የምርመራ ክፍል ሐኪሞች ግን ነገሩን ለምደውታል።

የተለመደ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ጠርሙስ ስትቆጠር ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ትጠጋለች። ስምንት ማንኪያ ስኳር በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ የሚጠጣ ሰው አይገኝም። በጠርሙሱ ውስጥ ግን ቅዝቃዜው፣ ጋዙና አሲዱ የጣፋጩን ክብደት ይሸፍኑታል። መጠጥ ስለሆነም አይታኘክም፤ ሆድ የመጥገቡን ወሬ ለአእምሮ በወጉ አያደርስም። ስለዚህ ከምሳ ጋር የተጠጣው ለስላሳ ከምሳው ላይ አንዲት ጉርሻ አያስቀንስም። ከሁሉም የስኳር ዓይነት የሚጠጣው የከፋ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ማስረጃውም የጸና ነው።

> ስምንት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ የሚጠጣ የለም፤ በጠርሙስ ሲመጣ ግን ይጠጣል።

## በሽታው ስሙን ያገኘበት

የስኳር በሽታ በስኳር የተጠራው ምልክቱ ስለታየ ነው። በጥንታዊ ሕንድ የነበሩ ሐኪሞች የአንዳንድ ሕሙማን ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ አስተውለው በሽታውን በማር ስም ጠርተውታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው መቶ ዓመት ሽንቱን ቀምሶ እንደ ማር መጣፈጡን ጻፈ። ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከመጠን ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና በሽንት ያወጣዋል። ስኳሩ ሲወጣ ውኃውንም ይዞ ይወጣል፤ ውኃ ጥሙና የሌሊት መመላለሱ ከዚህ የመጣ ነው።

በሽታው ግን አንድ አይደለም። ዓይነት 1 የሚባለው የሰውነት የመከላከያ ኃይል የቆሽትን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ይይዛል፤ ከረሜላ በመብላት የሚመጣ አይደለም። ልጃቸው በዚህ የታመመባቸው እናቶች «ምን አብልታው ነው?» የሚል የጎረቤት ቃል ይሰማሉ። ከበሽታው በላይ የሚያቆስላቸው ይህ ቃል ነው፤ መሠረትም የለውም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ አይቆዩም ነበር።

ዓይነት 2 ከሁሉም የሚበዛው ነው። እዚህ ቆሽት ታመነጫለች፣ ሰውነት ግን የኢንሱሊኑን ትእዛዝ መስማት ይሳነዋል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተከማቸ ስብ ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ቆሽት ለማካካስ አብዝታ ታመነጫለች፤ ዓመታት ሲያልፉ ትደክማለች። ዘር፣ ዕድሜ፣ የሆድ ውፍረትና አለመንቀሳቀስ ሁሉም ይገቡበታል። ስኳር ብቻውን በሽታውን ይፈጥራል ማለት ትክክል አይሆንም፤ ድርሻ የለውም ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ስህተት ነው። በተለይ በመጠጥ የሚገባው ስኳር ውፍረትን እያመጣና ጉበትን በስብ እየሞላ መንገዱን ያሳጥረዋል።

የዚህን ነገር ክብደት ከቤተ እስራኤል ታሪክ በላይ የሚያሳይ ለአማርኛ አንባቢ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተሰቦች እዚያ ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ዓመታት ሳይቆጠሩ የእስራኤል ሐኪሞች በሽታውን ገና ወጣት በሆኑት ላይ ጭምር ማየት ጀመሩ፤ ውሎ አድሮም በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው ስርጭት ከአገሩ አጠቃላይ ሕዝብ በላይ ሆነ። ደማቸው አልተለወጠም። የተለወጠው በጤፍና በጥራጥሬ ፋንታ ነጭ ዳቦ፣ በእግር ጉዞ ፋንታ አውቶቡስ፣ በውኃና በጠላ ፋንታ ጣፋጭ መጠጥ መምጣቱ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልስ ቤተሰብም ባሕር ሳይሻገር ተመሳሳይ ለውጥ ውስጥ ያልፋል።

## የጁስ ቤቱ ብርጭቆ

ከሰዓት በኋላ ጁስ ቤት መደርደሪያው ላይ ፓፓያ፣ ማንጎና አቮካዶ ተደርድሯል። ልጁ አቮካዶውን ለሁለት ገምሶ ፍሬውን በቢላ ጫፍ ያወጣዋል፤ ሥጋውን በማንኪያ ፍቆ መፍጫው ውስጥ ይጥላል። ቀጥሎ እጁ ወደ ስኳሩ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ቤት በውኃ የቀለጠ ስኳር በፕላስቲክ ጆግ ያዘጋጃል። ሰፕሪስ ሲሆን ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ይቀመጣሉ፤ ከላይ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ አንዳንዴም ቀይ ቪምቶ ይፈስበታል። ደንበኛው የታዘዘለት መድኃኒት ያህል አምኖበት ይጠጣዋል፤ ለታመመ ሰው ተገዝቶ የሚሄደውም ይኸው ነው።

አቮካዶ በተፈጥሮው ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ጣፋጭ የሆነ አቮካዶ ጁስ ጣፋጭነቱን ያገኘው ከጆጉ ነው። ማንጎና ብርቱካን የራሳቸው ስኳር አላቸው፤ ሲበሉ ግን ስኳሩ በአሰሩ መካከል ተይዞ ስለሚቆይ ቀስ እያለ ይለቀቃል፣ ማኘኩም ያጠግባል። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይፈልጋል። አራት ብርቱካን ልጦ በሁለት ደቂቃ የሚጨርስ ሰው የለም፤ አራቱን ጠጥቶ የሚነሳ ግን ብዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ «ነፃ ስኳር» የሚል ስያሜ የተጠቀመው ለዚህ ነው። በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ሁሉ፣ ማር፣ ሽሮፕና የፍራፍሬ ጭማቂ በዚህ ስም ሥር ይገባሉ፤ ሙሉ ፍራፍሬና ወተት አይገቡም። መመሪያው ነፃ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ለአንድ አዋቂ ይህ 50 ግራም ያህል ነው። ከ5 በመቶ በታች ማለትም ወደ ስድስት የሻይ ማንኪያ ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ይሆናል ይላል። ከላይ የተቆጠረው የሻይ ቤት ደንበኛ በሦስት ብርጭቆ ብቻ ስድስቱን አልፎ ዘጠኝ ደርሷል።

ማር በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ብዙ ሰው አይቀበለውም። የማር ነጋዴዎችም፣ አዋቂ እናቶችም ንጹሕ ማር ስኳር አይጨምርም ይላሉ። ማር ሳልን ያበርዳል፣ ቁስልንም ያግዛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከአሥር እጅ ስምንቱ ስኳር ነው፣ እሱም ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ሲበላው ደሙ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከፍ ይላል። ቡናማ ስኳርም ከነጩ የሚለየው በቀለምና በጥቂት ሽታ ነው። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የባክቴሪያ ዘር ለጋ አንጀት ውስጥ አድጎ ቦቱሊዝም የተባለ ሰውነትን የሚያዝል በሽታ የሚያመጣ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

## «ትል» የበላው ጥርስ

ጥርስ ሲበሰብስ ትል በላው ይባላል። የሚበላው ግን በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው፤ እሱም የሚመገበው ስኳር ነው። ስኳሩን በልቶ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን ለማርከስና ልባሱን ለመጠገን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዚህ መሐል ሌላ ጣፋጭ ከገባ ጥገናው ይቋረጣል። ስለዚህ ለጥርስ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል፤ አንድ ለስላሳ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚጎነጭ ሰው በአንድ ጊዜ ከጨረሰው ይልቅ ጥርሱን ይጎዳል። ጣፋጭ ወተት በጡጦ እንደያዘ የሚተኛ ሕፃን የፊት ጥርሶቹ ቀድመው የሚጠቁሩትም ለዚህ ነው።

ይህ የታወቀበት መንገድ አሳዛኝ ነው። በስዊድን ሉንድ አጠገብ በነበረ ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ማቆያ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነዋሪዎቹ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ በብዛት እንዲበሉ ተደርጎ የብዙዎቹ ጥርስ ተበላሸ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ በምግብ መሐል የሚበላ፣ የሚጣበቅ ጣፋጭ ከሁሉ የከፋ ነው። ስዊድናውያን ለልጆቻቸው ከረሜላ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የመስጠት ልማድ ያዳበሩት ከዚህ በኋላ ነው። ልማዱ ጥሩ ነው፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን መረሳት የለበትም።

## የተደበቀው ክፍያ

የስኳር ጉዳት በይፋ ለመነገር የዘገየው ሳይንሱ ስላልነበረ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የጻፉት ግምገማ ወጣ፤ ለልብ ሕመም ተጠያቂው ስብ ነው እንጂ ስኳር አይደለም ወደሚል ያዘነብላል። ጽሑፉን የስኳር አምራቾች ማኅበር ከፍሎ ያስጻፈው መሆኑ የታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የቆዩ ደብዳቤዎችን አግኝተው ሲያትሙ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ዩድኪን ስለ ስኳር ጉዳት በ1972 መጽሐፍ ቢያወጣም በባልደረቦቹ ተናቀ። በመሐሉ ስብ የወጣለትና በምትኩ ስኳር የገባበት ምግብ «የጤና» ተብሎ መደርደሪያውን ሞላ።

ስኳር በለጋ ዕድሜ የሚያሳድረው ነገር በቅርቡ ከአንድ የታሪክ አጋጣሚ ታይቷል። በብሪታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ስኳር በራሽን ይታደል ነበር፤ ራሽኑ የተነሳው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 ነው። ወዲያው የሕዝቡ ፍጆታ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብለው የተጸነሱና ጥቂት ዘግይተው የተጸነሱ ሰዎች ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሲነጻጸሩ፣ በማሕፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በራሽን ያደጉት በዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት ደግሞ በ20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ያ ራሽን ዛሬ ከሚመከረው መጠን ብዙም የማይርቅ ነበር፤ ማንም በረሀብ አልተቀጣበትም።

## ጣት በመላስ የተገኙ ጣፋጮች

ሰው ሰራሽ ማጣፈጫዎች በአብዛኛው የተገኙት ባልታሰበ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በአይራ ሬምሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኮንስታንቲን ፋልበርግ እጁን ሳይታጠብ እራት ቀረበ፤ ዳቦው ጣፈጠው። ተመልሶ የሠራባቸውን ዕቃዎች ሲቀምስ ሳካሪንን አገኘ። በ1965 ጄምስ ሽላተር ለጨጓራ ቁስለት መድኃኒት ሲሠራ ወረቀት ለማንሳት ጣቱን ላሰ፤ አስፓርቴም ሆነ። በ1976 ለንደን ውስጥ ሻሺካንት ፋድኒስ የተባለ ወጣት ተመራማሪ አንድን ንጥረ ነገር «ፈትነው» ሲባል «ቅመሰው» የተባለ መስሎት ቀመሰው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ። ያ ሱክራሎስ ነበር።

የማጣፈጥ ኃይላቸው ከፍተኛ ነው። አስፓርቴም ከስኳር 200 ጊዜ፣ ሳካሪን ከ300 ጊዜ በላይ፣ ሱክራሎስ 600 ጊዜ ያህል ይጣፍጣሉ። ስለዚህ የምስር ፍሬ የምታህል ኪኒን አንድ ብርጭቆ ሻይ ታጣፍጣለች። ከእጽዋት የሚወጣው ስቴቪያም ከፓራጓይ የመጣና ጉዋራኒ የተባሉት ሕዝቦች ከጥንት የሚያውቁት ቅጠል ነው፤ በፓኬት የሚሸጠው ግን ቅጠሉ ሳይሆን ተጣርቶ የወጣው ጣፋጭ ንጥረ ነገር ነው።

ሰውነት ሁሉንም በአንድ መንገድ አያስተናግዳቸውም። ሳካሪን ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ሱክራሎስ አብዛኛው ከአንጀት ሳይመጠጥ በሰገራ ይወገዳል። አስፓርቴም ግን ይፈጫል፤ ከፕሮቲን የሚገኙ ሁለት አሚኖ አሲዶችና ጥቂት ሜታኖል ይወጡታል። ሜታኖል ሲባል የሚደነግጥ አለ፤ ይሁንና በዚህ መጠን ከፍራፍሬና ከአትክልት ጭማቂም ይገኛል። በእርግጥ መጠንቀቅ ያለባቸው ፊኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚመጣ ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ሰውነታቸው ከሁለቱ አሚኖ አሲዶች አንዱን ፊኒልአላኒንን መፍጨት አይችልም።

> ምላስ ይታለላል፤ ቆሽት የሚሰማው ደም ውስጥ የገባውን ነው።

## ካንሰር ያመጣል?

ጥያቄው ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሳካሪን በብዛት የተመገቡ አይጦች የፊኛ ካንሰር ያዛቸው፤ አሜሪካ ከ1977 ጀምሮ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘች። ኋላ ላይ ነገሩ ከአይጥ ሽንት ልዩ ባሕርይ ጋር የተያያዘና በሰው ላይ የማይሠራ መሆኑ ስለታወቀ ማስጠንቀቂያው በ2000 ተነሳ። በመሐሉ ያለፉት 23 ዓመታት ግን በሰው ልብ ውስጥ የዘሩት ፍርሃት እስከ ዛሬ አለ።

በሐምሌ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚል ምድብ አስገባው። ወሬው በአማርኛ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችም «ካንሰር ያመጣል» ሆኖ ዞረ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያ ምድብ የሚናገረው ማስረጃው ውስን መሆኑን ነው፤ አደጋው ትልቅ ወይም ትንሽ ስለመሆኑ አይናገርም። በዚያው ቀን ሌላው የባለሙያዎች ኮሚቴ የዕለቱን ከፍተኛ መጠን በኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም እንደሆነ እንዲቀጥል ወሰነ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ «ዳይት» መጠጣት ይኖርበታል፤ ያውም ከሌላ ምግብ ምንም ካላገኘ ነው።

## ክብደትና አንጀት

አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያቀጥናሉ ወይ? ለጥቂት ወራት በተደረጉ ሙከራዎች ለስላሳን በስኳር አልባው የተኩ ሰዎች መጠነኛ ክብደት ቀንሰዋል። ብዙ ዓመት ሰዎችን በተከታተሉ ጥናቶች ግን ማጣፈጫ የሚያዘወትሩት ይበልጥ ሲወፍሩ፣ በስኳር በሽታና በልብ ሕመም ሲያዙ ይታያል። ይህ ማጣፈጫው አመጣው ማለት ላይሆን ይችላል፤ የወፈረና የፈራ ሰው ነው ቀድሞ ወደ «ዜሮ» የሚዞረው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን መዝኖ በግንቦት 2023 ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር መጠቀም እንደማይመከር አስታወቀ። ምክሩ ቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም።

ስለ አንጀት ባክቴሪያም አዲስ ነገር ተገኝቷል። በእስራኤል ዋይዝማን ተቋም የተደረገና በ2022 የታተመ ጥናት 120 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ተከታተለ። ሳካሪንና ሱክራሎስ ከወሰዱት አንዳንዶቹ ግሉኮስ ሲጠጡ የደማቸው ግሉኮስ ከቀድሞው ይበልጥ ከፍ አለ፤ የአንጀታቸው ባክቴሪያም ተለዋወጠ። ልዩነቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ይህ ፍርድ ለመስጠት አይበቃም፤ ማጣፈጫ ሰውነት ውስጥ ምንም ሳይነካ ያልፋል የሚለውን የቆየ እምነት ለመተው ግን ይበቃል።

የፋርማሲ ባለሙያዎች የሚያጋጥማቸው ችግር ከዚህ ቀላልና የበለጠ የተለመደ ነው። ደንበኛው የማጣፈጫ ኪኒኑን ይገዛል፣ ሻዩን በእሱ ይጠጣል፣ ከሻዩ ጋር ሁለት ቦንቦሊኖ ይበላል። «ስኳር የሌለው» የሚል ብስኩትም ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ አንጀት ውስጥ ግሉኮስ ይሆናል። በማስቲካና በከረሜላ የሚገቡት ዛይሊቶልና ሶርቢቶል ጥርስን አይጎዱም፣ ሲበዙ ግን ሆድ ይነፋሉ፣ ያስቀምጣሉ። ማሸጊያ ላይ በቁጥር የሚጻፉትን ማወቅ ይጠቅማል፤ 951 አስፓርቴም፣ 954 ሳካሪን፣ 955 ሱክራሎስ፣ 960 ስቴቪያ ነው።

ማጣፈጫ የማይነካው አንድ ነገር አለ፤ የምላስ ልማድ። ስኳሩን በኪኒን የተካ ሰው ሻዩ አሁንም እንደ ሦስት ማንኪያ እንዲጣፍጥ ይፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሰ የሚሄድ ሰው ግን ምላሱ አብሮት ይለወጣል፤ ከወራት በኋላ የቀድሞው ሻይ አፉን ያጣብቀዋል። ስኳሩን የተዉ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት የቅርንፉዱንና የሄሉን ጣዕም ያን ጊዜ እንዳገኙት ነው።

## ስኳር መድኃኒት የሚሆንበት ሰዓት

ኢንሱሊን ለሚወጉና አንዳንድ የስኳር ኪኒኖችን ለሚወስዱ ሰዎች ተቃራኒው አደጋም አለ። መድኃኒቱ ተወስዶ ምግቡ ሲዘገይ ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከልክ በታች ይወርዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ንግግር ይምታታል፤ ያላወቀ ሰው የሰከረ ይመስለዋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚቆዩ ምእመናን፣ በረመዳን ቀን በሚጾሙ ሙስሊሞች፣ በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ላይ ባሉ ሰዎች ይህ ይደርሳል። ስለዚህ ጾም ከመያዙ በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሐኪም ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል።

በዚያች ሰዓት የሚያድነው ስኳር ነው። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይሰጣል፤ 15 ደቂቃ ተጠብቆ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲነቃቃ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይበላል። ቸኮሌት በስቡ ምክንያት ይዘገያል። «ዜሮ» ወይም «ዳይት» የተጻፈበት ጠርሙስ ግን ምንም አያደርግም። ምላሱ ላይ እንደሌላው ይጣፍጣል፣ ደሙ ውስጥ የሚገባ ግሉኮስ የለውም፤ ለመርዳት የሮጠ ሰው ሁለቱን ሳይለይ ቢያጠጣው ያለችው ደቂቃ ትባክናለች። ራሱን የሳተ ሰው በአፉ ምንም አይደረግበትም፤ ወደ ጎኑ ተደርጎ ይተኛና ወደ ሕክምና ይወሰዳል፤ እዚያ ግሉኮሱ በደም ሥሩ ይሰጠዋል።